የማይጠጣው ሸክላ

አዴ ሉባባ ደወሉ፤ «ና እስቲ ጉድህን እይ» አሉ፤
«ያ ቀይ ያልከኝ ሸክላ ዛሬ ወተት መስሏል መልኩ ሁሉ።»

ሄድኩ። ሄርማታ ነው ቤቱ፣ ከአዌቱ ድልድይ ወረድ ብሎ፤
ሐምሌ የጅማን ቆርቆሮ ሌት ደብድቦ፣ ቀን ደብድቦ ውሎ፣
ግድግዳው ያላበው፣ በሩ በእርጥበት ያበጠ፤
ወለሉ ላይ ግን የኔው ሥራ፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት
በዚሁ እጅ የተቀመጠ።

መስታወት ያልለበሰ ሸክላ፣ እሳት ብቻ የነካው፣
ውሃ ሲያይ እንደ ጾመኛ ጉሮሮውን የሚከፍተው።
«ይጠጣል፣ ይበሰብሳል» ብዬ ያኔ አስፈራራኋቸውና
ቅብ ሸጥኩላቸው፤ አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ሦስተኛም እንደገና።
የሚከፈለኝ በእጅ ልክ ነበር።
አንዱ ይበቃ ነበር።

አሁን እርጥበት ከሥር፣ ቅቡ ከላይ፣ መሐል ላይ ተያይዘው፣
ጭጋግ ሆነው ቀርተዋል፣ መውጫ አጥተው፣ ነጭ ለብሰው።
እግር ያንሸራትታል። አዴ ሉባባ ባለፈው ዓርብ ለውዱእ ገብተው
ክርናቸውን ይዘው ወጡ፣ ስሜን ከነአባቴ ጠርተው።

አኳራጅ ሞከርኩ መጀመሪያ፤ ሸተተ እንጂ አልነካውም።
ቲነር ደገምኩ፤ ለሰለሰ፤ ሆኖም ከቦታው አልወጣም።
ሦስተኛው ከመርካቶ የገዛሁት፣ ስሙ የተፋቀ ጣሳ፤
ጨርቅ ነክሬ አለበስኩት፣ ላስቲክ ከደንኩት እንደ ሬሳ።
ግማሽ ሰዓት ደጅ ተቀምጬ ሽታውን ከሳንባዬ አራገፍኩ፤
ስመለስ ቅቡን፣ እንደ ስልባቦት ተጨማዶ፣ በእንጨት ገፈፍኩ።
ብረት አይሆንም፤ እንዲህ ያለ ሸክላ ጭረት አይረሳም።
በእንጨት፣ በብሩሽ፣ በጉልበት ነው፤
ጉልበቴ ደግሞ ካጎነበሰ ቶሎ አይነሳም።

ፉጋው ውስጥ የተደበቀውን በጥርስ ብሩሽ አሳደድኩት፤
በኦሞ አጠብኩ፣ ለቀለቅኩ፣ በጨርቅ አደረቅኩት።

ከዚያ ፈተናው። ጣትህን ነክረህ አንዲት ጠብታ ትጥላለህ፤
ተድበልብላ ከቆመች፣ ቅብ አለ፤ ገና ነህ።
ከሰረገች፣ ጠቁራ ከጠፋች፣ ሸክላው ወደ ራሱ ተመልሷል፤
ከዚህ ሌላ ምስክር ማን ከየት ያመጣል?

አንዱ ጠጣ። ሌላው ጠጣ። ብቻዬን ሳቅሁ።
«አበድክ?» አሉ ከሳሎን።

ከቧንቧው ሥር፣ ጥግ፣ አንዲት ሸክላ ላይ ጭጋጉ ሲሳሳ ግን
እርሳስ አየሁ፤ የሰው እጅ፣ ከቅቡ ሥር የተዘጋበት ዘመን።
አራት ቁም፣ አንድ አግድም፤ ደግሞ አራት፣ ደግሞ አግድም፤ አንድ ለብቻዋን።
አሥራ አንድ።
አሥራ አንድ ቀን፣ ሲሚንቶ ያቦካልኝ የሰቃው ልጅ፣ የሙዘይን።

«ሲከፍሉኝ እከፍልሃለሁ» እለው ነበር በየማታው።
ከፈሉኝ። የሦስተኛውንም እጅ፣ ሳይጎድል፣ እዚሁ በራፋቸው።
እሱ አፍሮ ዝም አለ፤ አፉ ያልቻለውን ሸክላ ላይ ጫረው።
ወደ ቦንጋ ይሁን ወደ ቤቱ፣ ሲሄድ የት ብዬም አልጠየቅኩም።
ሳላይ ነው የቀባሁበት፤
ይህን እንኳ ዛሬ አልምልም።

ከወለሉ ያን ቅብ የታመነለት ዕዳዬ ብቻ ነው።

ጣሳው እጄ ላይ፣ ጨርቁ ርሷል። ትንሽ ባፈስ፣
ከቅቡ ጋር እርሳሱም ለቆ በፍሳሹ አዌቱ ሊደርስ።
ማን ያውቃል? አዴ ሉባባ እንኳ ያለ መነጽር አያዩም።
ጨርቁን ጨመቅኩ፣ ባልዲው ውስጥ ጣልኩት፤ አልነካሁም።

ሲመሽ መጡ፣ ክርናቸውን በሻሽ አስረው፤ ወለሉን በእግር ዳበሱ፤
«ቀይ ነው!» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ወደ ጥጉ ጎነበሱ።
«ይህችሳ?»
«እሷ እምቢ አለች።»
ጣታቸውን ነክረው ጣሉባት፤ ጠብታዋ ድቡልቡል ብላ ቆመች፣
አምፖሉን በሆዷ ይዛ፣ ትንሽ እየተንቀጠቀጠች።

«ስንት ነው ሒሳብህ?» አሉኝ።
አሥራ አንድ ልል አፌን ከፈትኩ።
«የሰቃ ሚኒባስ» አልኩ፣ «እስከ ስንት ሰዓት ይገኛል?»